ያየነውን ሁሉ እንልካለን?

ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የምንኖር ሰዎች የሰፈራችንን ስም በየቀኑ እንጠራለን። በጾመ ፍልሰታ መካከል፣ ነሐሴ 13፣ በዓሉን እናከብራለን። ጌታችን በታቦር ክብሩን ከገለጠ በኋላ ግን ሦስቱን ሐዋርያት እስከ ትንሣኤው ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸው። ያዩት ክብር ነበር፤ እርሱም እንኳ የሚነገርበት ጊዜ ተወሰነለት።

እኛስ? እህታችን ጸበል ስትጠመቅ ጮኸች፣ ወደቀች። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት። ልብሷ ሳይደርቅ ቪዲዮው በቴሌግራም ጎረቤቶቿ ጋ ደረሰ። «ለምስክርነት ነው» እንላለን። ታዲያ እሷን የጠየቃት አለ? ነገ ሥራ ስትፈልግ፣ ትዳር ስትይዝ ይከተላታል። የላከው ሰው ቢጸጸት እንኳ ሌሎች ያስቀመጡትን ማጥፋት አይችልም።

«ውሸት አልጨመርኩም፣ የሆነውን ነው ያሳየሁት» የሚል አይጠፋም። ካም ስለ አባቱ ስለ ኖኅ ዕራቁትነት ያወራው ውሸት ነበር እንዴ? እውነት ነበር። ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን አዙረው አባታቸውን አለበሱት፤ የተመረቁትም እነርሱ ናቸው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የሰውን የጤና መረጃ ለይቶ ይጠብቃል። ሕግ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ነገሩ ከተላከ በኋላ ነው። ጾም ከመላካችን በፊት እጃችንን ይይዛል።

እንግዲህ ቀርጸን ከሆነ እናጥፋው። ተልኮልን ከሆነም እኛ ጋ ይቁም። ያቺን እህት በጸሎት እንጂ በስልክ አናስባት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።