ከመዝገብ የወጣ ዕዳ



በእንግሊዝና በዌልስ አንድ ሰው ዕዳውን ሳይከፍል ቀርቶ ከተፈረደበት፣ ስሙ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ 6 ዓመት ይቆያል። በአንድ ወር ውስጥ ሙሉውን ከከፈለ ይሰረዝለታል። ባይከፍልም ግን 6 ዓመቱ ሲሞላ ስሙ ይወጣል። ስለዚህ «ዝም ብዬ ብጠብቅ ያልፋል» የሚል ወጣት አይጠፋም።

ከመዝገብ የወጣ ዕዳ ከጫንቃ ወርዷል ማለት ነው?

በአገሩ ሕግ እንኳ አይደለም፤ ስሙ ወጣ እንጂ ፍርዱ አልተሻረም። በዲናችንማ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ብድርን ስለመጻፍ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ጥሎ በሞተ ሰው ጀናዛ ላይ፣ አቡ ቀታዳህ ዕዳውን እስኪረከቡለት ድረስ ራሳቸው አልሰገዱም።

መዝገቡ የተቀመጠው ወደፊት የሚያበድሩ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ነው። ገንዘቡ ግን የአበዳሪው ሐቅ ነው። ሐቅ ደግሞ ባለቤቱ ሲቀበል ወይም ዐፍው ሲል እንጂ ዓመት ስለቆጠረ አይወርድም።

ይህ ያጣውን ለማስጨነቅ አይደለም። እዚያው ሱራ 280ኛው አያ ለተቸገረ ተበዳሪ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። ፍርድ ቤቱም ክፍያው እንደ አቅም እንዲከፋፈል ማመልከቻ ይቀበላል። በደሉ እያለው የሚያዘገየው ላይ ነው። ስለዚህ የቆየ ፍርድ ያለባችሁ ቀኑን ከመቁጠር ይልቅ ለአበዳሪው ጻፉ፤ በወር ጥቂትም ቢሆን ጀምሩ፤ የከፈላችሁበትንም ማስረጃ ያዙ።

ወላሁ አዕለም።