የጋራ ስም የማን ነው? የቦዦሌ ወይንና የመልካም ስም ጥያቄ

ቦዦሌ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን እስከ ማኮን አቅራቢያ የሚዘልቅ ኮረብታማ የወይን አገር ነው። ሰሜኑ ግራናይት የበዛበት ስስ አፈር፣ ደቡቡ ደግሞ ሸክላና የኖራ ድንጋይ የተቀላቀለበት መሬት ነው። በሁለቱም ክፍል በብዛት የሚበቅለው ጋሜ የሚባለው ጥቁር ወይን ነው። በጠርሙሱ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ግን የቦታው ስም ነው፤ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የሚጠበቀውም ይኸው ስም ነው። ብዙ ገበሬዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ነጋዴዎች በአንድ ስም ገበያ ይወጣሉ። አንዱ ያቀናውን ሌላው ይወርሳል፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ይከፍላል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ከወይን ንግድ ያልፋል፦ ብዙዎች በጋራ የያዙት መልካም ስም ሲጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? የማደስ ግዴታውስ የሚወድቀው በማን ላይ ነው?

ጋሜ ከጥንትም ስሙ የጎደፈ ተክል ነበር። በ1395 የጎረቤቱ የቡርጎኝ ግዛት መስፍን ፊሊፕ ደፋሩ ጋሜ ከግዛቱ ተነቅሎ እንዲጠፋ አዘዘ፤ በአዋጁም ከሃዲ ተክል አስባለው። ክሱ ብዙ ያፈራል፣ ጣዕሙ ግን ፒኖ ኗር ከሚባለው የወይን ዘር ያንሳል የሚል ነበር። መስፍኑ በቡርጎኝ የኖራ ድንጋይ ላይ ላየው ጋሜ ፍርዱ ስሕተት ላይሆን ይችላል። ይኸው ተክል በቦዦሌ ግራናይት ላይ ግን ሌላ ጠባይ ያሳያል፤ መሬቱ ድኻ ስለሆነ ፍሬው ይቀንሳል፣ መዓዛው ይጠራል። የአንድን ነገር ዋጋ ከቆመበት ቦታ ነጥሎ መመዘን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ያም ሆኖ የመስፍኑ ፍርድ ተክሉን በሄደበት ሁሉ ተከትሎታል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን በቦዦሌ ስም ላይ የመጣው ጉዳት ግን በውጭ ፈራጅ የደረሰ አይደለም። በአካባቢው ገና ከመከር የወጣ ወይን መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ የሊዮን መጠጥ ቤቶች አዲሱን ወይን በየዓመቱ ይጠብቁት ነበር። በ1951 መንግሥት ይህ ወይን ከሌላው ቀድሞ በኅዳር ወር እንዲሸጥ ፈቀደ፤ በ1985 ደግሞ የመሸጫው ቀን የኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ እንዲሆን ተወሰነ። እንደ ዦርዥ ዱቦፍ ያሉ ነጋዴዎች «ቦዦሌ ኑቮ» የተባለውን ይህን ወይን ከፓሪስ እስከ ቶኪዮ ዓመታዊ በዓል አደረጉት። ገበሬው በመስከረም የለቀመውን በኅዳር ሸጦ ገንዘቡን ይይዛል። በርሜል አይገዛም፣ ዓመት አይጠብቅም።

ጥድፊያው የራሱን አሠራር ፈጠረ። ወይኑ በጥቂት ቀናት መብላላት ስላለበት በፋብሪካ የተዘጋጀ እርሾ ተጨመረበት፤ ከእነዚህ እርሾዎች አንዳንዶቹ ለወይኑ የሙዝና የከረሜላ ሽታ ይሰጡታል። አልኮሉ እንዲጨምር ስኳር፣ እንዳይበላሽ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ታከለ። በእርሻውም ማዳበሪያና አረም ማጥፊያ ምርቱን አበዙት። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ልጆቹን የሚያሳድግ ገበሬ ገዢ የሚፈልገውን ማቅረቡ አያስወቅሰውም። የውሳኔዎቹ ድምር ግን የቦዦሌን ስም የርካሽ መጠጥ መጠሪያ አደረገው። ከ2001 ምርት ወደ 10 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋው ገዢ አጥቶ ወደ አልኮል ማንጠሪያ ተላከ። «ሊዮን ማግ» የተባለው መጽሔት የአንድ ቀማሽን የሰላ ዘለፋ ሲያትም አምራቾቹ ከሰሱት፤ በ2003 ፍርድ ቤት መጽሔቱን ጥፋተኛ አለ። በ2005 የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለመጽሔቱ ወሰነ። ሕግ ስሙን ያላግባብ ከሚጠቀም ሰው ሊጠብቅ ይችላል፤ ሰዎች ስለ ስሙ ከሚያስቡት ግን ሊጠብቀው አይችልም።

አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው ለብዙዎች የጋራ የሆነ ነገር የሚያገኘው እንክብካቤ አነስተኛ እንደሆነ ተከራክሯል፤ እያንዳንዱ ሌላው ይጠነቀቅለታል ብሎ ያስባልና። ቦዦሌ የሐሳቡ ምስክር ይመስላል። ነገር ግን ስም እንደ ግጦሽ መሬት አይደለም። ሣር በበላው ከብት ልክ ይቀንሳል፤ ስም በመጠቀም ብቻ አያልቅም። በመልካም የተጠቀመበት ሰው ለሌላውም ያበዛዋል። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች፣ ብዙኃኑ ሳይከተሏቸው፣ የጋራውን ስም ሊያነሡት ይችላሉ። በቦዦሌ የሆነውም ይህ ነው።

የለውጡ ምንጭ ዡል ሾቬ (1907–1989) የተባለ የላ ሻፔል ደ ጊንሼ የወይን ነጋዴና ኬሚስት ነበር። ሾቬ በቤተ ሙከራው የእርሾንና የባክቴሪያን ጠባይ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ጤናማ ፍሬ ከተለቀመና ሥራው በንጽሕናና በዝቅተኛ ሙቀት ከተካሄደ ወይን በገዛ እርሾው፣ ያለ ስኳርና ያለ ሰልፈር ሊብላላ እንደሚችል አሳየ። በ1973 የቤተሰቡን እርሻ የተረከበው የቪሊዬ ሞርጎኑ ማርሴል ላፒየር በ1981 ከሾቬ ጋር ተገናኘና ትምህርቱን በሥራ ላይ አዋለ። ዣን ፎያር፣ ጊ ብረቶንና ዣን ፖል ቴቭኔ ተከተሉት፤ ከርሚት ሊንች የተባለው አሜሪካዊ አስመጪ አራቱን «የአራቱ ቡድን» ብሎ አስተዋወቃቸው።

አሠራራቸው በአጭሩ ይህ ነው። አረም ማጥፊያ አይረጩም፤ ያረጁ የወይን ተክሎችን ይንከባከባሉ፤ ፍሬው በደንብ ሲበስል ለቅመው የተበላሸውን አንድ በአንድ ያወጣሉ። ዘለላው ሳይፈጭ፣ ከነግንዱ በጋን ውስጥ ይገባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞላበት ጋን ውስጥ ኦክስጅን ያጣው ፍሬ በራሱ ኢንዛይሞች ከውስጥ መብላላት ይጀምራል፤ ኋላም በልጣጩና በጓዳው የሚኖረው እርሾ ሥራውን ይፈጽማል። የየቤቱ የእንጀራ እርሾ የየራሱን ጣዕም እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህም እርሾ የዚያ እርሻና የዚያ ጓዳ ነው። ሰልፈር ከናካቴው አይጨመርም፤ ከተጨመረም በጠርሙስ ሲሞላ ጥቂት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ለእንዲህ ያለው ወይን የሚሰጠው «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቅጽል ሰው እጁን ያነሣበት ሥራ ያስመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ለራሱ የተተወ የወይን ጭማቂ በመጨረሻ ኮምጣጤ ይሆናል። ስኳርና ሰልፈርን የተወ ጠማቂ በምትካቸው ዕውቀትን፣ ንጽሕናንና ትዕግሥትን ማቅረብ አለበት፤ እርሾው በየቀኑ ምን እየሠራ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ መመርመር የዚህ ትምህርት ክፍል ነው። ላፒየርና ጓደኞቹ ወደ አያቶቻቸው ወይን መመለስ እንፈልጋለን ይሉ ነበር። አያቶቻቸው ግን ማይክሮስኮፕም ማቀዝቀዣም አልነበራቸውም፤ ብዙ ወይንም ይበላሽባቸው ነበር። ስለዚህ አራቱ የሠሩት የጥንቱን መድገም አይደለም። ያለፈው ትውልድ የተመኘውን፣ ግን በእርግጠኝነት ሊደርስበት ያልቻለውን፣ በአዲስ ዕውቀት ፈጸሙት። አርስቶትል ጥበብ ተፈጥሮ ልትጨርሰው ያልቻለችውን ይፈጽማል ሲል የተናገረው ለዚህ ሥራ በትክክል ይስማማል። ወግንና ፈጠራን እንደ ጠላት የሚያቆም ክርክር ይህን ወይን ሊያስረዳው አይችልም።

የቦታ ስምን የሚጠብቀው ሕግ ችግርም ከዚሁ ከወግና ከፈጠራ ጥያቄ ይመነጫል። በፈረንሳይ ወይኑ የቦታውን ስም እንዲይዝ የቦታውን ዓይነተኛ ጠባይ ማሳየቱ በቀማሾች ይረጋገጣል። ዓይነተኛው የሚለካው ግን በተለመደው ነው። አብዛኛው አምራች ሙዝ ሙዝ የሚሸት ወይን በሚያቀርብበት ዘመን ለመሬቱ የቀረበው ወይን እንግዳ ይመስላል። ተፈጥሯዊ ወይን የሚሠሩ ብዙ ፈረንሳውያን ጠማቂዎች የቦታው ስም በዚህ ሚዛን ስለተከለከላቸው፣ ወይም ፈተናውን ስላልፈለጉ፣ ወይናቸውን የቦታ ስም በሌለው «ቫን ደ ፍራንስ» መደብ ይሸጣሉ። ልማድን የብዙኃን ቁጥር ብቻ ካጸናው፣ ብዙኃኑ በሳተ ጊዜ ሚዛኑም አብሮ ይስታል። ሕጉ ይህን ጉድለት ሙሉ በሙሉ አልፈታውም፤ በ2020 ለተፈጥሯዊ ወይን በፈረንሳይ መንግሥታዊ ዕውቅና ያገኘው በፈቃደኝነት የሚገባበት ደንብ የአሠራር ጥያቄን እንጂ የቦታ ስምን ጥያቄ አይመልስም።

ለአራቱ ሥራ ጠንካራው ትችት የመጣው ግን ከሕጉ ሳይሆን ከወይን ሰዎች ነው። ባልተፈጨ ዘለላ የሚካሄደው መብላላት ራሱ ብርቱ የፍሬ መዓዛ ስለሚሰጥ፣ ሞርጎንና ፍለሪ ከተባሉት የቦዦሌ ቦታዎች የሚመጡትን ወይኖች እርስ በርስ የሚለየውን ጠባይ ይሸፍናል የሚሉ አሉ። በዚሁ በቦዦሌ ሻቶ ዴ ዣክ የተባለውን የወይን እርሻ በ1996 የገዛው የቡርጎኝ የወይን ንግድ ቤት ሉዊ ዣዶ ግን ፍሬውን ከግንዱ ለይቶ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አብላልቶ፣ ወይኑን በእንጨት በርሜል ያቆየዋል፤ ሙላን አ ቫን ከተባለው ቦታም ለዓመታት የሚቆይ ወይን ያወጣል። ሁለቱም ወገን እውነተኛውን መሬት አሳየን ይላል። መሬት ራሱ ስለማይናገርና በሰው እጅ ስለሚተረጎም፣ አንዱን ትርጓሜ ብቻ እውነት ነው ማለት አይቻልም። ሐሰት የሚባለው ግን ይታወቃል፤ የትም ቢሠራ አንድ ዓይነት የሚሆነው ወይን ነው።

ላፒየር በ2010 ሲሞት ሞርጎን በዓለም ታላላቅ ምግብ ቤቶች የወይን መዘርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እርሻውን ልጆቹ ቀጠሉበት። መሬቱ ከቡርጎኝ እጅግ ርካሽ መሆኑ ከሌላ አካባቢ የመጡ ወጣት ጠማቂዎች ርስት እንዲገዙ አስቻላቸው፤ የስሙ መውደቅ ራሱ ለአዲሶቹ በር ከፈተ። ጥቅሙ ግን ለደከሙት ብቻ አልደረሰም፤ አሠራሩን ያልቀየረ ጎረቤትም ከስሙ መነሣት ተጠቅሟል። ይህ ፍትሕ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሆኖም በጋራ ስም ውስጥ መኖር የሚያመጣው ዕዳም በረከትም ይህ ነው።

አካባቢው አሁን የሚከተለው መንገድ ስሙን ማጥበብ ነው። ለዓመታት የተካሄደውና በ2018 የተጠናቀቀው የአፈር ጥናት ከ300 በላይ የአፈር ዓይነቶችን ለይቷል። በሰሜን ያሉት ሞርጎን፣ ፍለሪ፣ ሙላን አ ቫንና ሌሎቹ፣ በድምሩ አሥሩ «ክሩ» የተባሉ ጠባብ የቦታ ስሞች፣ ጠርሙሳቸው ላይ ቦዦሌ የሚለውን ቃል እስከ መተው ደርሰዋል፤ ብዙ ጠማቂዎችም የአንዲቱን ተዳፋት ስም ለብቻ ይጽፋሉ። ስሙን የሚጋሩት ባነሱ ቁጥር የእያንዳንዱ ኃላፊነት ይታያል። በደቡቡ የሸክላ መሬት የሚያርሱት ገበሬዎች ግን የሚሸሹበት ጠባብ ስም የላቸውም፤ ሰፊውን ስም፣ ከኅዳሩ ወይን ትዝታ ጋር፣ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።