መንጋው ሲበዛ፤ ስለ አዳዲስ ጸሎት ቤቶችና ስለ ቅዳሴ ሰዓት

ቤተ ክርስቲያን በምእመናን ስትሞላ ደስ የማይለው ክርስቲያን የለም። ይሁን እንጂ የቁምስናው ምክር ቤት ተሰብስቦ «ቦታው ጠበበ፤ ምን እናድርግ?» ብሎ መወያየት ሲጀምር ደስታው ብዙ ጊዜ ወደ ክርክር ይለወጣል። አንዱ ሕንፃው ይስፋ፣ ሌላው ሁለተኛ ቅዳሴ ይጨመር፣ ሦስተኛው ደግሞ ራቅ ባለው መንደር ጸሎት ቤት ይሠራ ይላል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የገንዘብና የሰዓት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ማኅበር ሲያድግ ይበልጥ ሊያስብ የሚገባው አብረው ላሉት አንድነት ነው ወይስ መምጣት ላልቻሉት? የሚል ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚተርክልን፣ የደቀ መዛሙርት ቁጥር በበዛ ጊዜ በኢየሩሳሌም ማጉረምረም ተነሣ፤ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች በዕለታዊው እደላ ተዘንግተው ነበርና። ጽሑፉ በስም ጠርቶ የሚወቅሰው በዳይ የለም። ለጥቂቶች ይበቃ የነበረው አሠራር ለብዙዎች ሳይበቃ ሲቀር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚረሳው ድምፁ የማይሰማው ነው። ሐዋርያትም ያጉረመረሙትን ዝም ለማሰኘት አልሞከሩም፤ ሰባት አገልጋዮችን አስመረጡ እንጂ። እንግዲህ የማኅበር ማደግ ራሱ አዲስ ግዴታን ይወልዳል ማለት ነው።

የተቃራኒው ወገን ምክንያት ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። አንድ ሕዝብ በአንድ መንበር ዙሪያ አንዱን መሥዋዕት ማቅረቡ ጥንታዊና የተቀደሰ ሥርዓት ነው። በምሥራቃውያን ትውፊት በአንድ መንበር ላይ በአንድ ቀን አንድ ቅዳሴ ብቻ የመቀደሱ ልማድም ይህንኑ ምሥጢር ይሰብካል። ሕዝቡ በአራትና በአምስት ሰዓት ሲከፋፈል የጧቱ ምእመን የማታውን አያውቀውም፤ ወጣቱ ከወጣት፣ ባለ መኪናው ከባለ መኪና ጋር ብቻ ይገናኛል። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች አጥብቆ የገሠጻቸው በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ሳሉ ነበር፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ይጠግብ ነበርና። ስለዚህ አንድ ጣሪያ ብቻውን አንድነትን አይፈጥርም፤ ሁለት ጣሪያም ብቻውን አያፈርሰውም።

የሮም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ር.ሊ.ጳ. ኢኖሰንት 1ኛ እ.ኤ.አ. በ416 ለጉቢዮ ጳጳስ ለዴቸንሲዮስ በጻፉት ደብዳቤ እንደሚገልጹት፣ በከተማይቱ ውስጥ በየስፍራው ያሉት ካህናት ከሕዝባቸው ጋር ስለሚቀድሱ ከጳጳሱ ጋር በአንድነት ሊገኙ አይችሉም ነበር። ስለዚህም ጳጳሱ ከባረኩት ቅዱስ ቁርባን ጥቂት ክፍል «ፌርሜንቱም» ወይም እርሾ በሚል ስም በዕለተ እሑድ ይላክላቸው ነበር፤ ካህናቱ በዚያች ዕለት ከጳጳሳቸው ኅብረት የተለዩ መስሎ እንዳይሰማቸው ነው። እነሆ፣ ስፍራው ተከፋፈለ እንጂ ማኅበሩ አልተከፋፈለም።

ስለ ሰዓትም ቢሆን እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው ሕገ ቀኖና ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ከአንድ ሰዓት አሳልፎ እንዳይጀመር ይደነግግ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1953 የማታ ቅዳሴን በተወሰነ ሁኔታ ሲፈቅዱ፣ እሑድም ሳይቀር በፈረቃ የሚሠሩትን ሠራተኞች አስበው ነበር። ሕጉ የተሻሻለው ለምቾት ሳይሆን፣ የሥራ ሰዓቱን ራሱ ለማይወስን ሰው ሲባል ነው።

በዘመናችን በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚኖሩት ምእመናን ይህንኑ ያስታውሱናል። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ በሆነባቸው ስፍራዎች እሑድ ሥራ የሚውለው ስደተኛ ዓርብ በብዛት ወደ ቅዳሴ ይመጣል። የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ዕረፍት ከዓርብ ቀትር እስከ እሑድ አደረገች። ሆኖም በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን በአሠሪዋ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ከደጅ መውጣት ካልቻለች የትኛው ሰዓት ይጠቅማታል? በአገራችንም የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛው፣ ተረኛዋ ነርስና ሕፃን አዝላ ሁለት ሰዓት የምትጓዝ እናት በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ይገኛሉ።

በኢትዮጵያ የእምድብር ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2003፣ የባሕር ዳር-ደሴ ደግሞ በ2015 ከአዲስ አበባ ተከፍለው ተቋቁመዋል። ይህ መከፈል ጳጳሱን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ እንጂ መለያየት አልነበረም። በገጠር ግን ጸሎት ቤት መሥራት የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም፤ ካህን በማይደርስበት እሑድ ካቴኪስቱ ሕዝቡን ሰብስቦ ቃለ እግዚአብሔርን ካላነበበ፣ ካቴኪስቱም የሚያስተምረውና የሚደግፈው ካላገኘ፣ ሕንፃው ቆርቆሮና ግድግዳ ሆኖ ይቀራል።

መጨመርም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 905 ካህን እንደ ደንቡ በቀን አንድ ጊዜ እንዲቀድስ ያዛል፤ የካህናት እጥረት ሲኖር ጳጳሱ ሁለት ጊዜ፣ በእሑድና በታዘዙ በዓላት ደግሞ የምእመናን መንፈሳዊ ፍላጎት ግድ ሲል ሦስት ጊዜ እንኳ ሊፈቅድ ይችላል። ካህን ሰው ነውና ይደክማል፤ በጥድፊያ የሚፈጸም መሥዋዕትም ምእመኑን አያንጽም።

እንግዲህ መለኪያው ምን ይሁን? መምጣት ያልቻለና መነሣት ያልፈለገ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው ሰዓትም ስፍራም መጨመር ፍትሕ ነው፤ ለሁለተኛው መጨመር ግን እምነትን እንደ ገበያ ዕቃ ለደንበኛ ምርጫ ማቅረብ ይሆናል። ደግሞም የሚከፈል ሁሉ የሚያስተሳስረው ነገር ሊኖረው ይገባል፦ አንድ የድኾች መርጃ፣ አንድ ምክር ቤት፣ በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ሁሉ የሚገናኙበት አንድ በዓል። በመጨረሻም አመቺውን ሰዓት የያዝን እኛ ሌላ ሰዓት ለሌለው ሰው ቦታችንን መልቀቅ እንማር።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ የየቁምስናችሁ ምክር ቤት ስለዚህ ጉዳይ ሲመክር፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው በስብሰባው ላይ ያለው ሳይሆን ሥራው ወይም የመንገዱ ርቀት ከስብሰባው ያስቀረው ሰው ነው። ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ወስኑ።