አምስተኛዋ ድንቢጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ጌታችን በተራራው ትምህርቱ የሰማይን ወፎች እንድንመለከት አዝዞናል (ማቴ. 6፥26)። ይህን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ እናነበዋለን እንጂ አንፈጽመውም። ስለዚህ በዚህ በታኅሣሥ ወር፣ ሥራ በሚያርፍበት አንድ ቅዳሜ፣ ከጸሎት በኋላ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ጋር በቴል አቪቭ መካከል በሚያልፈው በያርቆን ወንዝ ዳር ወፎችን እያየን ተጓዝን።

ወንዙ ለመጽሐፍ አንባቢ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ኢያሱ በዳን ነገድ ርስት ውስጥ ስሙን ከኢዮጴ ጋር ያነሣዋል (ኢያ. 19፥46)። ምንጩም ያለው ወታደሮች ቅዱስ ጳውሎስን በሌሊት ባደረሱባት በአንቲጳጥሪስ አጠገብ ነው (ሐዋ. 23፥31)። እ.ኤ.አ. በ1955 የምንጮቹ ውኃ በቧንቧ ወደ ኔጌብ መወሰድ ከጀመረ በኋላ ወንዙ ደክሞ፣ የከተማ ፍሳሽ ሞልቶት ኖሯል። ቆይቶ ግን ቀስ በቀስ እየጸዳ መጣ፤ ዛሬ በዳርቻው ወፎች ይለቅሙበታል።

ምን አየን? ዓሣ የሚያጠምድ ጥቁር ወፍ ጠልቆ ወጥቶ፣ ላባው እስኪደርቅ ክንፎቹን እንደ መስቀል ዘርግቶ ቆሞ አየን። ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ነጭና ግራጫ ትንሽ ወፍም በሣሩ ላይ ስትሮጥ አየን። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከሰሜን አገር ብርዱን ሸሽታ መጥታ እዚህ ትከርማለች፤ ወገኖቿም እስከ ሀገራችን ድረስ ወርደው ይከርማሉ። በዚህች ምድር ላይ በበልግና በጸደይ የሚያልፉት ወፎች ወደ 500 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ብዙዎቹም ከዮርዳኖስ ጀምሮ እስከ እኛው ስምጥ ሸለቆ የተዘረጋውን መንገድ ይዘው ይወርዳሉ።

በዚህ ጊዜ አንዲት እኅታችን፣ «አባታችን፣ እነዚህስ ጊዜያቸው ሲደርስ ይመለሳሉ። እኛስ?» አለችን። ሁላችንም ዝም አልን። ፓስፖርቱ በሰው እጅ ያለ፣ ወረቀቱ ያለቀበት፣ እናቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። የእያንዳንዳችሁን የመመለሻ ቀን አናውቅም፤ የማናውቀውንም ቀን አንሰጣችሁም። ነገር ግን ወፎቹ ያስተማሩን ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ወፍ አትዘራም ማለት አትሠራም ማለት አይደለም። ከንጋት እስከ ምሽት ትለቅማለች። ጌታ የከለከለው ጭንቀትን ነው እንጂ ሥራን አይደለም። አንድም፣ የተከለከለው ጭንቀት ነው እንጂ ደመወዝን መጠየቅ አይደለም። «አትጨነቁ ተብሏልና ስድስት ወር ያልተከፈለኝን ልተወው?» የምትሉ አላችሁ። አትተዉት። የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀር ጩኸቱ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚገባ ሐዋርያው ያዕቆብ ነግሮናል (ያዕ. 5፥4)። እግዚአብሔር የሚሰማውን እናንተ ለመናገር አትፈሩ፤ የሥራችሁን ቀን በደብተር ጻፉ፤ የሚያግዛችሁን ሰው ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ ጊዜዋን ስታውቅ ሕዝቡ ግን የአምላኩን ፍርድ አለማወቁን እያዘነ ይናገራል (ኤር. 8፥7)። ሽመላ የምትበረው ከምድር በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ክንፏን ዘርግታ ነው። ይህን አየር በሰፊ ባሕር ላይ ስለማታገኘው አጭሩን የባሕር መንገድ ትታ ረጅሙን የየብስ መንገድ ዞራ ትሄዳለች። እኛ ግን ደላላው አጭር ነው ያለንን ባሕር ስንቱን ወንድማችንን አስበላነው! ልጆቻችን፣ በጀልባ ልትሄዱ በልባችሁ የወሰናችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት መጥታችሁ አነጋግሩን። ረጅሙ መንገድ ያደክማል፤ ግን ያደርሳል። አንድም፣ ጊዜን ማወቅ የንስሐን ጊዜ ማወቅ ነው። ወደ ሀገር መመለስ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወደ እግዚአብሔር መመለስ ግን ዛሬ ማታ ይቻላል።

ሦስተኛው ይበልጣል። ቅዱስ ማቴዎስ ሁለት ድንቢጦች በአንድ አሳሪዮን እንደሚሸጡ ጽፏል (ማቴ. 10፥29)፤ አሳሪዮን ትንሽ ገንዘብ ነው። ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ አምስቱ በሁለት እንደሚሸጡ ጽፏል (ሉቃ. 12፥6)። አስቡት፤ በሂሳቡ በሁለት አሳሪዮን የሚገኙት አራት ናቸው። አምስተኛዋ ከየት መጣች? ሻጩ ለገዢው የጨመረለት ናት። ዋጋ አልተተመነላትም፤ በገበያችን ቋንቋ ምርቃት ናት። ጌታችን ግን ከአምስቱ አንዷም በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም ብሎ አስተማረን። ዋጋ የሌላትም አልተረሳችም።

እኅታችን ሆይ፣ አሠሪሽ በወር ሂሳብ ይቆጥርሻል። ቤተሰብም አንዳንዴ ሳያስበው በላክሽው ገንዘብ ይለካሻል፤ መላክ ያቃተሽ ወር ስልኩ ጸጥ ይላል። አንቺም ቀስ በቀስ የምልከውን ያህል ነኝ ማለት ትጀምሪያለሽ። አይደለሽም። ወንድማችን ሆይ፣ ሥራ ያጣህ፣ የታመምህ፣ በሰው ቤት ጥግ የተጠጋህ፣ ትርፍ ነኝ አትበል። አምስተኛዋ ለሻጭ ትርፍ ነበረች፤ ለእግዚአብሔር ግን የታወቀች ናት። ምርቃት በገበያ ጭማሪ ነው፤ በአባቶች አፍ ግን በረከት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ይህን አድርጉ። ከቤት መውጣት የማይፈቀድላችሁ በቤይሩት፣ በዱባይ፣ በአማን ያላችሁ በወጥ ቤቱ መስኮት አንዲት ወፍ እስክታዩ ቁሙ፤ ባያችኋትም ጊዜ አንድ አባታችን ሆይ ድገሙ። መውጣት የምትችሉ ደግሞ መውጣት ለማትችል አንዲት እኅት ደውሉ፤ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ጤናዋ ጠይቋት። ወፍ በመሠዊያው አጠገብ ቤት እንዳገኘች መዝሙረኛው ዘምሯልና (መዝ. 83፥3)፣ እናንተም በሰንበት ወደ ቤቱ ኑ።

አምላከ ቅዱሳን በስደት ያላችሁትን ሁሉ ይጠብቃችሁ፤ የወጣችሁበትን በሰላም ይመልሳችሁ። በግብፅ የተሰደደች እመቤታችን በአማላጅነቷ አትለያችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።