ስምህ የተጻፈው ወዴት ነው?

(ሉቃስ 10፥17-20)



ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት የወዳጄ ልጅ በቴፒ ካለው ቤቴ መጣ። አባቱ በሚዛን ተፈሪ አጠገብ ቡና ያለማል፤ ከቡናው ዋጋ እየቀነሰም ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ወደ ሩቅ ከተማ ልኮት ነበረ። ልጁ ግን በሦስተኛው ዓመት ፈተናውን ወደቀና ከትምህርቱ ተሰናበተ። «መንደሩ ሁሉ ዶክተር ሲለኝ ኖሯል፤ አሁን ምን ሆኜ እገባለሁ? ከእንግዲህ እኔ ማንም አይደለሁም» አለኝ።

ልገሥጸው አስቤ ዝም አልሁ። እኔም ለዕረፍት በመጣ ቍጥር «ዶክተር» እያልሁ እቀበለው ነበረ እንጂ በስሙ አልጠራሁትምና። ይህን ሸክም ካሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ነገርሁት። በ1860 ዓ. ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ሕፃን ሳሉ እንግሊዞች ወደ ህንድ ወሰዷቸው፤ በዚያም ሕክምና ተማሩ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አያታቸው ያወቋቸው በምን ነው? በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ነው እንጂ በምስክር ወረቀታቸው አይደለም። ሐኪም ከመባላቸው አስቀድሞ ልጅ ነበሩና።

ጌታችንም ሰባውን ሰዎች ድውያንን እንዲፈውሱ ላካቸው። ደስ ብሏቸው በተመለሱ ጊዜ ግን ስለ ተሰጣቸው ሥልጣን ሳይሆን ስማቸው በሰማይ ስለ መጻፉ ደስ እንዲላቸው አዘዛቸው። ከአራቱ ወንጌላውያን ይህን የጻፈልን ሉቃስ ብቻ ነው፤ እርሱም ሐኪም ነበረ (ቈላስይስ 4፥14)። በወንጌሉ ግን የራሱን ስም በአንድ ስፍራ እንኳ አላኖረም።

ይህን ስል ሕክምናን መናቄ አይደለም። በእነዚህ የቡና አገሮች ወባ የያዘውን ሕፃን ታቅፋ ያደረች እናት የሐኪምን ዋጋ ታውቃለች። ነገር ግን ሐኪምነት ለበሽተኛው የሚሰጥ አገልግሎት ነው እንጂ የነፍስ መለኪያ አይደለም። ማዕረጉን መለኪያ ያደረገ ሰው ቢያጣው ተስፋ ይቈርጣል፥ ቢያገኘውም ይታበያል፤ በሽተኛውንም የክብሩ መሰላል ያደርገዋል።

በማግሥቱ ልጁን ይዤ ወደ አባቱ ሄድሁ። አባቱ ቡና ያሰጣ ነበረ። ነገሩን ሰምቶ ብዙ ዝም አለ፤ ኋላም ልጁን በስሙ ጠርቶ «ና፥ ዝናብ ሳይመጣ ቡናውን አብረን እንሰብስበው» አለው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን በስማቸው ጥሩ። ተማሪ ሆይ፥ በትምህርትህ ትጋ፤ ነገር ግን ማዕረግህ ዛሬ ቢወሰድብህ ማን ሆነህ እንደምትቀር አስቀድመህ ራስህን መርምር።