ኳሱ የማን ነው?



ቆላ ድባ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሜዳ ላይ ቡድን ሲከፈል የኳሱ ባለቤት አይቀርም። ቻለም አልቻለም ይገባል። ካልገባ ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳላ! ልጆች ሳለን ስቀን አልፈነዋል። አገር የሚወክል ሰው ሲመረጥስ ኳሱ የማን ነው?

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ኢትዮጵያን ወክሎ ዋኘ፤ ከ59 ተወዳዳሪዎችም መጨረሻ ወጣ። ያኔ የአገሪቱን የውሃ ዋና ፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት የሚመሩት አባቱ ነበሩ። ብዙ ሰው በልጁ ሰውነት ተሳለቀ። በሰው አካል መሳለቅ ወንጀል ነው። የአባቱ ሥልጣንም ብቻውን አድልዎ መኖሩን አያረጋግጥም። ጥያቄው ግን አለ፤ ከቆላ ድባ ወረድ ብሎ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ላደገው የድሃ ልጅ ሰዓት ይዞ የቆመለት ማን ነው?

“ፈጣኑ ይመረጥ” ማለት ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን ሰዓቱ የሚለካው መነሻው መስመር ላይ የደረሰውን ብቻ ነው።

በቆጂን ተመልከቱ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ትንሽ ከተማ ወጡ። እዚያ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ የገበሬ ልጆችን ያሠለጥኑ ነበር። አላህ ፈጣን እግር የሰጠው ለበቆጂ ልጆች ብቻ ነው? አይደለም። እዚያ ግን ልጆቹን የሚያይ ዓይን ነበር።

“ቀደር ነው፣ ሪዝቁ አልነበረም” የምንልበት ጊዜ አለ። እንጠንቀቅ። ችሎታው የአላህ ስጦታ ነው፤ በሩን የዘጋው ግን የሰው እጅ ከሆነ፣ የሰውን ዙልም በቀደር ማሳበብ አይገባም። የመምረጥ ሥልጣን አማና ነው። ዐድል ደግሞ ለልጅና ለዘመድ እንኳ አያደላም።

“እኔ ፌዴሬሽን አልመራ” አትበሉ። ሁላችንም የሆነ ኳስ ይዘናል። የሠፈሩን ቡድን ስም የሚጽፈው አለ። የሥራ ማስታወቂያ ቀድሞ የሚሰማው አለ። ወሬውን የምትነግሩት ለአጎታችሁ ልጅ ብቻ ነው ወይስ በር ላይ ለሚሊስትሮው ልጅም?

ዛሬ ሜዳ ስትወጡ ዳር ቆሞ የሚያየውን፣ ጫማ የሌለውን ልጅ ጥሩትና አስገቡት። ከዚያ በኋላ እግሩ ይመስክር።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!