ስምንት ብርጭቆ ያለው ማን ነው?

ልጆቼ፣ ሃይላንድ ከእጃችሁ የማይለይ መሆኑን ወድጄላችኋለሁ። «ዛሬ ስምንት ብርጭቆ አልሞላሁም» ብላችሁ ስትጨነቁ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ሃይንዝ ቫልቲን የተባሉ የኩላሊት ተመራማሪ ለዚህች ቁጥር ማስረጃ ፈልገው እንዳጡላት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ወንድ በቀን 2.5፣ ለሴት 2 ሊትር ይበቃል ይላል፤ እሱም ከምግብ የሚገኘውን ጨምሮ። እንጀራ እንኳ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ሽሮውም ሻዩም ይቆጠራል። ሁለት ሦስት ስኒ ቡናም የለመደውን ሰው አያደርቅም።

ጤነኛ ከሆናችሁ ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ሽንታችሁንም እዩ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከጠቆረ ጨምሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ብርጭቆ የሚቆጥረው አይደለም፤ እየጠማው ሆን ብሎ የማይጠጣው ነው። የትምህርት ቤቷ መጸዳጃ በር ስለሌለው ከጠዋት ጀምራ አፏን የምትዘጋ ተማሪ አለች። ጉሊት ላይ የምትውል እናት፣ ሰልፍ ይዞ የሚውል የታክሲ ሾፌር፣ ጎንደር እስኪደርስ ጠብታ የማይቀምስ የአውቶቡስ ተሳፋሪም እንደዚሁ ናቸው። ሐኪም ሲጠይቃቸው እንኳ አይናገሩትም፤ ያፍራሉ። ሽንት ሲወፍር ግን ለኩላሊት ጠጠር መንገድ ይከፍታል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ይህ ሕመም የሚደጋገምባቸውና ውሃ የማያዘወትሩ ሴቶች በቀን 1.5 ሊትር ሲጨምሩ ሕመሙ በግማሽ ገደማ ቀንሶላቸዋል። መድኃኒት አይደለም እኮ፣ ውሃ ነው! እና «ሾፌር፣ አንዴ አቁምልን» ማለት ነውር አይሁንባችሁ። ነገ ርዕሰ መምህር ወይም ባለ ካፌ ስትሆኑም የመጸዳጃውን ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ አትሂዱ።

በግድ መጠጣትም ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002ቱ የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው በደማቸው ያለው ሶዲየም ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ከሚገባው በላይ መጠጣት ነበር። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎች መጠኑን ከሐኪማቸው ይጠይቁ። በሑመራ ሙቀት ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደ ግን ጥም ሳይጠብቅ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ፤ የምታጠባ እናትም በቀን ወደ 700 ሚሊ ሊትር ትጨምር። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የእናቱ ጡት ይበቃዋል፤ ውሃ አትስጡት።

አንድ የቀረኝ አለ። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል። ቤታችሁ አዛውንት ካለ «ጠማዎት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቀድታችሁ አቅርቡላቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ «አልጠማኝም» ነው የምላችሁ።